የክንፋሙ አህያ የዘር ሐረግ

በዘንባራ መንግሥት ንጋት ያለ ጭጋግ አይመጣም። በዚያ ዓመት የዘውድ በዓል ግን ጭጋጉ አዳራሹ ድረስ ዘለቀ፤ የክፉ ነገር ምልክትም አብሮት ገባ።

አዋጅ ነጋሪው ጓንጉል በንጉሡ እግር ሥር የተኛውን አንበግ ሲያስተዋውቅ፣ «የአንበሳ ልጅ፣ የአንበሳ የልጅ ልጅ» ብሎ አስተጋባ። አንበጉ ንግሥቲቱ እንድትደገፈው ከአንበሳና ከበግ የተዳቀለ፣ የገዛ ግሣቱን የሚፈራ አውሬ ነበር። ሐረጉ ሲጠራ ገላው እንደ ጭጋግ ሳሳ፤ በሆዱ በኩል የምንጣፉ አበቦች ታዩ።

የዘንባራ መኳንንት እንስሳ የሚያዝዙት እንደ መጋረጃ ነው። አንዱ ለረጅሙ መስኮቱ ቀጭኔን ከድመት አዳቅሉልኝ ይላል፤ ሌላዋ ለቀሚሷ የሚስማማ ዝንጉርጉር ዳክዬ ትሻለች። በአዋጅ የሚጠራው ግን የከበረው ወላጅ ብቻ ነው። በግና ድመት አይነሡም።

ከንጉሡ አዳቃዮች ሁሉ ወጣቷ ሊባና ይህን ስታይ ወደ በረቱ ሮጠች። ከሽመላና ከአህያ አዳቅላ፣ በጭኗ ላይ ወተት እያጠጣች ያሳደገችው፣ ሰመመን የተባለው ክንፋም አህያ ቆሞ ነበር። የጆሮዎቹ ጫፍ የለም።

ንጉሡም፣ «ወደ ጭጋጉ ሐይቅ ጠባቂ ሂጂና መድኃኒቱን አምጪ» አላት። «ጓንጉል ይከተልሽ። የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊያውጅ ምሏል።»

ሰመመንን አስከትለው ሦስት ቀን በነጭ ዝምታ ውስጥ ተጓዙ።

«እንዲበር ንገሪው እንጂ፤ እግሬ አለቀ» አለ ጓንጉል።

«ሲጠይቁት አይበርም።»

«ይህ ጠባይ እንኳ የሽመላ አይመስለኝም።»

በሦስተኛው ቀን ከገደል አፋፍ ሲደርሱ፣ በብር የተሠራ የሚመስል ድልድይ ተዘርግቶ አዩ። ሰመመን አልረግጥም አለ። ጓንጉል ገፋው፤ ለመነው፤ ሰደበው። በዚህ መካከል ፀሐይ ወጣችና ድልድዩ እንደ እስትንፋስ ተነነ። ጓንጉል ከዚያ በኋላ ስለ እግሩ አላነሣም። ሰመመንም ማንም ሳይጠይቀው ሁለቱን በጀርባው አሻገራቸው።

የሐይቁ ጠባቂ በቅሎ ነበረች። ከወገቧ ወደ ኋላ ግን ምንም አልነበራትም።

«ሺህ ዓመት ሙሉ አባትሽ ማን ነው ሲሉኝ፣ ፈረስ አጎቴ ነው እላቸው ነበር» አለች። «ያልጠራሁት ግማሼ ቀስ እያለ ጥሎኝ ሄደ። የእናንተንም ልታተርፉ ከወደዳችሁ ሁለቱንም ወላጆች በእኩል ድምፅ ጥሩ። ያዳቀለችው ግን አስቀድማ የራሷን ሐረግ ትናገር። ውሃው ስም የደበቀ አንደበት አይሰማም።»

«እሱማ ቀላል ነው» አለ ጓንጉል። «በማዳቀያው ግቢ በአባትም በእናትም ያልከበረ አይገባም። የሊባና አጎት የጦር አለቃው ናቸው፤ ሁልጊዜ ትነግረን የለ?»

«አጎት» አለች በቅሎዋ። «ይህን ዜማ አውቀዋለሁ።»

ሊባና ወደ ሰመመን ዞረች። ክንፎቹና አፍንጫው ብቻ ቀርተዋል። ብትናገር ጓንጉል ያውጀዋል፤ ግቢው ለዘላለም ይዘጋባታል፤ ሰመመንም የንጉሥ ነውና እዚያው ይቀራል። ዝም ብትል ደግሞ እነሆ፣ አፍንጫውም እየሳሳ ነው።

«አባቴ ቢራራ ይባላል» አለች በቀስታ። «በአህያ ጨው ያመላልሳል። እንስሳን መውደድ ያስተማረኝ እሱ ነው።» ከዚያም እጇን ባዶው ላይ ዘረጋች። «ሰመመን፣ የሽመላ ልጅ፣ የአህያ ልጅ።»

መጀመሪያ የተመለሱት ጆሮዎቹ ናቸው።

ሲመለሱ ከተማው ገና ሲታይ ጓንጉል፣ «ጉሮሮዬን ብርድ መታኝ ብልስ?» አለ።

«ምለዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«ምያለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

በአደባባይም የእንስሳቱን ሐረግ ሙሉ አድርጎ ጠራ። «የበግ ልጅ» ሲባል ንግሥቲቱ ፊቷን ሸፈነች፤ አንበጉ ግን ጠጉሩ ሞልቶ ተነሣና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፈራ ባአ አለ። በመጨረሻም ጓንጉል ለነገሥታት ብቻ በሚያወጣው ድምፅ፣ «ሊባና፣ የጨው ነጋዴው የቢራራ ልጅ» ብሎ አወጀ።

ንጉሡ ዓይኑን ሰበረ። ሕጉ ከዙፋኑ ይበልጥ ያረጀ ነበር። ሊባና የሰመመንን ገመድ ለበረኛው ሰጠችና በሩን ወጣች።

ከኋላዋ ሰመመን አናፋ፤ ረዘም ያለ፣ ሻካራ፣ ሽመላ የሌለበት ድምፅ። ከቅጥሩ ውጭ፣ በቁልቁለቱ ላይ፣ ጨው የተጫኑ የአባቷ አህዮች ራሳቸውን ቀና አድርገው መለሱለት።