ሉጥፊ ምን ብሎ ነበር?

«እዚያ ላይ እንዳትቀመጥ» አሉ ጋሽ ጋረደው፣ ሶፎኒያስ በገመድ በተጠለፈችው በርጩማ፣ በምበሯ ላይ ሊያርፍ ሲል። «አርባው መች ወጣና።»

ሶፎኒያስ፣ ከኮሚቴው ትንሹ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በምበሯ በቅርቡ የሞተው የሉጥፊ ናት። በሱዳኑ የኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ፣ ኮሚቴ ሲሰበሰብ እሷ ላይ ነበር የሚቀመጠው። እዚህ የሟች ቦታ አርባው ሳይወጣ አይያዝም።

ችግሩ፣ ዛሬ ድምፅ አለ። ክሊኒኩ የስደተኛ ካርድ የሌላቸውን አዲስ መጤዎችም ያክም ወይስ አያክም? እጅ ወጣ። እኩል ለእኩል። እንደገና ወጣ። ያው እኩል። መድኃኒት የሚያመጣው ሰውዬ ለስንት ሰው እንደሚጭን ደጅ መኪናው ውስጥ መልስ እየጠበቀ ነው። ዝናቡ ከጀመረ መንገዱ ጭቃ ነው፤ እስከ ክረምቱ መውጫ ኻላስ፣ መኪና አይገባም።

«ሉጥፊ ሞቶም ስብሰባ አያስጨርሰንም» አለ ሶፎኒያስ። ማንም አልሳቀም።

«ስለዚህ ነገር ሳይሞት ያለው ካለ፣ እንደ ድምፁ እንቆጥረዋለን» አሉ ጋሽ ጋረደው። «የሟች ቃል አይወድቅም። ልጁን ጥሯት።»

የሉጥፊ ልጅ ራዲያ መጣች። ሁሉም ተመለከታት። ከቀብሩ ወዲህ ውስጧ ተጣጥፈው እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዟል፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም።

በሩ ላይ ጓደኛዋ አሰፋሽ ትንሽ ወንድሟን ቴዎን አዝላ ቆማለች። ቴዎን ወባ ይዞታል። ጠዋት ክሊኒክ ሄደው «ካርድ ከሌለ ማፊ፣ ሕክምና የለም» ተብለው ተመልሰዋል።

«አትፍሪ» አለቻት አሰፋሽ በሹክሹክታ። «አባትሽ'ኮ ደግ ነበሩ። ያሉትን ብቻ ንገሪያቸው።»

ደግስ ነበር። እነአሰፋሽ የመጡ ቀን ማሽላ ሰፍሮ የሰጣቸው እሱ ነው። ግን አልጋው ላይ ሆኖ ለራዲያ ያላት ሌላ ነው። «መድኃኒቱ ለኛም አልበቃም። እኔ እሺ አልልም፣ ልጄ።» እሱም ራሱ ክሊኒኩ መርፌው አልቋል ብሎት ነበር ሳይታከም የተኛው። ይሄን ቃሉን ከራዲያ ሌላ የሰማ ሰው የለም።

የቴዎ ጭንቅላት በእህቱ ትከሻ ላይ ወደ ጎን ወድቋል። ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው።

«በይ እንጂ ራዲያ» አሉ ጋሽ ጋረደው ቀስ ብለው። «ምን ብሎ ነበር?»

በምበሯን አየቻት። ገመዷ አባቷ የሚቀመጥበት ጋ ረግቧል።

ራዲያ አፏን ከፈተች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?