የረገበው ክራር

ድምፃዊው አስናቀ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ባረፈበት ሆቴል አልጋ ላይ ሞቶ ተገኘ። የታፈነበት ትራስ ፊቱ ላይ፣ ክራሩ አጠገቡ። የአፋርን ዘፈን ከትዝታና ከጊታር ጋር ቀላቅሎ የሠራው የድሮ አልበሙ «የሐዲድ ዳር» እንደ አዲስ ሊታተም ነበር። ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ራሄል ናት። ምሳ ላይ ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ስለሰማ ፖሊሶቹ ካቴናውን ለእሷ አዘጋጅተዋል። እሷ ግን አታለቅስም፣ አትከራከርም፤ ድንዝዝ ብላለች።

ኢንስፔክተር መሪማ ክራሩን አነሣች። ክሮቹ ሁሉ ረግበዋል።

«እትዬ ራሄል፣ አላህ ያጽናዎት። ሲወጡ ምን እያደረገ ነበር?»

«እየተጫወተ። ሐብሐብ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ይኸው።»

«ሲጨርስ ያረግበዋል?»

«አስናቀ? እንደተቃኘ ጥሎት ነው የሚተኛው» አለች በደረቁ። «በዚህ ሙቀት እንደተወጠረ ስንት የክራር ቆዳ ተቀዶበታል። እኔ ደግሞ ክራር ነክቼ አላውቅም።»

አሳታሚው ትግሉ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ነው። «ከበሩም አልደረስኩ! ክራር በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አላውቅ» ብሎ ማለ። የአስናቀ የዘመናት ጊታር አጃቢ አንዷለምም ክፍሉ አልገባሁም አለ።

መሪማ ሦስቱንም ሆቴሉ በረንዳ ላይ ሰበሰበች።

«እትዬ ራሄል ሲወጡ ክራሩ ተቃኝቶ ይጮህ ነበር፤ ሆቴሉ በሙሉ ሰምቷል። ሲመለሱ ረግቧል። ሟቹ አያረግብም፣ እሳቸው አይነኩም፣ አቶ ትግሉ አያውቁበትም። ጋሽ አንዷለም፣ ዘመኑን ሁሉ ያጀቡት እርስዎ ነዎት፤ ከመድረክ በወረዳችሁ ቁጥር ክራሩን ከእጁ ተቀብሎ የሚያረግበው ማን ነበር?»

አንዷለም ጣቶቹን አየ።

«አመል ያወጣል ከመሃል ይባላል» አለች መሪማ።

«የአልበሙ ቅልቅል የኔ ሐሳብ ነበር» አለ አንዷለም፣ ሳይቆጣ። «ያኔ ሽፋኑ ላይ ስሜን አላወጣም። አሁንም አላወጣም። ለምን ስለው ሳቀብኝ፤ ጋደም ብሎ ነበር። ትራሱን አነሣሁ። ከዚያ ዞር ስል ክራሩ እንደተወጠረ ነው። በዚህ ሙቀት ይቀደዳል ብዬ አሳዘነኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ወደ አንዷለም ሄደ። ራሄል ያኔ ቀና አለች።

«ክራሩ አሳዘነህ?»

«አዎ።»

«እሱስ?»

አንዷለም አሰበ። እውነቱን ነው፣ ከልቡ አሰበ።

«እንጃ» አላት።