ትርንጎን ያስፈራት ጋቢ

ትርንጎን ዛሬ የሚበላት ጋኔን ልብሱን ለብሶ እስኪመጣ ድረስ፣ የካሜራ ባለሙያዋ ሰብሪና ቀጂውን ማጅራቷ ላይ ለጠፈችላት። ቀጂ ማለት ጥፍር የምታህል ስስ ብረት ናት፤ የተዋናይዋን ፍርሃት ከነርቯ ቀድታ ታስቀምጣለች። ተመልካቹም ሲኒማ ቤት ገብቶ የራሱን ብረት ማጅራቱ ላይ ሲለጥፍ ያ ፍርሃት እንዳለ ይገባበታል። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ፍርሃትን በኮምፒውተር ያመርታሉ። ቃሊቲ አሮጌ መጋዘን የተከራየው የኅሩይ ስቱዲዮ ግን አቅሙ ስለማይፈቅድ ትርንጎን ያስፈራራል።

ዕድሜዋን የጨረሰችው በዚሁ ነው። ጅብ በልቷታል፣ ቡዳ በልቷታል፣ ከመቃብር የወጣ ባል አንቋታል። አሁን ግን አልፈራ አለች። ሰሞኑን ስክሪኑ ላይ ፍርሃቷን የሚለካው መስመር ፍንክች አላለም። ትጮኻለች፣ ትንቀጠቀጣለች፤ ቀጂው በትወና አይታለልም። ዛሬም ካልፈራች እንደሚያሰናብቷት ታውቃለች፣ ከዚህ ሌላ ሥራ ደግሞ አታውቅም።

"አምላኬ፣ እባክህ ትንሽ አስደንግጠኝ" አለች በልቧ።

ጋኔኑ መጥቶ አገሳባት። መስመሩ ዝም።

"በጣም ጥሩ ነው፣ እትዬ ትርንጎ" አለ ዳይሬክተሩ ኅሩይ፣ ዓይኗን ሳያይ። በዕድሜ ልጇ ይሆናል፤ ይሉኝታ ይዞት ክፉ ነገር ፊት ለፊት ተናግሮ አያውቅም። "እርስዎ እኮ የዚህ ቤት ምሰሶ ነዎት።"

ምስጋናው አላማራትም። ዞር ስትል ከጋኔኑ ጀርባ፣ ወንበር ላይ፣ አንድ ፌስታል አየች። ጥለት ያለው አዲስ ጋቢ ብቅ ብሎበታል። ቀረጻው ሲያልቅ አልብሰው፣ አጨብጭበው ሊሸኟት ገዝተውት መደበቁን ረስተዋል።

መስመሩ ስክሪኑን ጥሶ ሊወጣ ደረሰ።

"ተበላሸ እንዴ?" አለች ሰብሪና። አልተበላሸም። ሁሉም ተቀድቷል። ይሁን እንጂ ጋቢው አንዴ ተገዝቷል፤ አልብሰው ሸኟት።

ፊልሙ ሲወጣ ሕዝቡ ተጋፋ። ጋኔኑን ልብ ብሎ ያየው የለም። ሾፌሩ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ አስተማሪው፣ ሁሉም ላብ አጥምቋቸው እየወጡ እዚያው በሩ ላይ ወደ መሥሪያ ቤታቸው ይደውላሉ። "ነገ ሥራ እገባለሁ አይደል?" ይላሉ።

ኅሩይ ትርንጎን አስጠራት። ቀጂው ተለጠፈ፣ ምስጋናው ተደገመ፣ ሌላ ጋቢም መጣ። መስመሩ ግን ቀጥ እንዳለ ቀረ።

"እትዬ፣ ምን ነካዎት?" አላት። "አከፋፋዮቹ ሁለተኛ ፊልም ካላመጣህ ቦታህን ለማሽን እንሰጠዋለን ብለውኛል። ስለ እግዚአብሔር፣ ይፍሩልኝ።"

"የፈራሁት እኮ ደረሰብኝ፣ ልጄ። ከደረሰ በኋላ ያማል እንጂ አያስፈራም።"

ብረቷን ከማጅራቷ ላቀቀችና እሱ ማጅራት ላይ ለጠፈችው። መስመሩ ሽቅብ ተተኮሰ። ሰብሪና ካሜራውን ወደ እሱ አዞረች።

ኅሩይ ብረቷን ሊነቅል እጁን ሰደደ። ግማሽ መንገድ ላይ አከፋፋዮቹ ትዝ አሉትና እጁን ወደ ጭኑ መለሰ።