የቀኙ በር

በሩ አልዘጋ አለ።

ሚሊ በቀስታ ገፋችው፤ ከላይ በኩል ያዝ አደረገው። በዳሌዋ ገጨት ስታደርገው «ጓ!» ብሎ ተመልሶ ተከፈተ። ትናንት ጠዋት ይኸው የቀኝ በር በአንድ ጣት ይዘጋ ነበር። ትናንት ጠዋት ግን መኪናዋ ጣራ ነበራት።

«ምን ሆነ?» አለ አባቷ ከጋራዡ ጥግ።

«ከላይ ጥጉ ላይ ይይዛል፣ አባዬ። ሁለት ሚሊ።»

ክፍል ውስጥ «ሚሊ» ያሰኛት ይኸው ነው። ሌላው ሰው «ትንሽ» ብሎ የሚያልፈውን እሷ በሚሊሜትር ካልተናገረች አይዋጥላትም። አባቷ ባትላሜራ ነው፤ የተጨማደደ የመኪና አካል ቀጥቅጦ፣ ቆርጦና በይዶ እንደ አዲስ የሚያደርግ። እሷ ደግሞ ገና አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት፣ ሞረድ ስትይዝ ጎረቤት ቆሞ ያያታል።

«በይ ሞርጂው! ዶክተሩ ቀትር ላይ ይመጣል። እንዳታሳፍሪኝ!»

እየሳቀ ነበር ያለው፤ ግን ዓይኑ አልሳቀም። ከወንድሙ ጋራዥ ተጣልቶ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሁለቱንም ዓመት የሰው መኪና ጭረት ሲቀባ ነው የከረመው። መኪናውን አምኖ የሰጠው የመጀመሪያው ሰው ይኸው የጥርስ ሐኪም ነው። የሰጠውም ተራ መኪና አይደለም፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና። «ጣራዋን አንሱልኝና ቀለል ትበል፤ ነፋስ እየመታኝ ተራራውን ልውረድባት» አለ። አባቷም «ቀላል ነው! በወጣትነቴ የአንዲት ጂፕ ጣራ ቆርጬ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ትነዳለች» ብሎ ተቀበለ።

ሚሊ የበሩን ጠርዝ ሞረደችው። እየለካች፣ እየሞከረች፣ እንደገና እየሞረደች አንድ ሰዓት ፈጀች። በመጨረሻ ገፋ ስታደርገው «ቀጭ» ብሎ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰጥ በር ሠርታ አታውቅም፤ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«እጅሽ ይባረክ!» አለ አባቷ። ወዲያው የጎረቤቱን ጎማ ጠጋኝ ጠራው፤ ያንን ግንድ የሚያክል ሰውዬ። «ና እስቲ ግባ፤ በዕድሜህ አንዴ እንኳ ስፖርት መኪና ላይ ተቀመጥ!»

ጎሚስታው በቀኝ፣ አባቷ በመሪው በኩል ተቀመጡ። ቀለዱ፣ የሌለ ማርሽ ለዋወጡ። መውረድ ሲሆን ግን የቀኙ በር ንቅንቅ አልል አለ። ጎሚስታው ታገለው፣ ተሳደበ፣ በመጨረሻ ሱሪውን ሰብስቦ በበሩ ላይ ተንጠላጥሎ ወረደ።

«አይ የሀብታም መኪና! በበር መውጣት ለካ ለእንደኛ ዓይነቱ ነው!»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ሚሊ አልሳቀችም። ሰዎቹ እንደወረዱ በሩ በአንድ ጣት ተከፍቶላት ነበርና።

እነሱ ወደ ደጅ ሲወጡ ክሪኩን ጎትታ ከበሩ ሥር ከተተችና ጥቂት አነሳችው። በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት እያየችው ሰፋ። ባለ ሦስት ሚሊ ሁለት የብየዳ ዘንግ ጎን ለጎን አስገባችበት፤ ስድስት ሚሊ። ለበር አራት ይበቃው ነበር፤ ሁለቱን የጨመረው ሞረዷ ነው። ክሪኩን ስታወርደው ክፍተቱ መልሶ ጠበበ። በጀርባዋ ተንሸራታ ከመኪናዋ ሥር ገባች።

ጂፕ ከሥሩ፣ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች አሉት፤ ሻንሲ የሚባሉት። ሸክሙን የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ ጣራው ቢነሳ ግድ የላቸውም። የዚህችኛዋ ሆድ ግን ስስ ላሜራ ብቻ ነው። ወለሉ፣ ጎኑና ጣራው ተያይዘው ነው እርስ በርስ የሚደጋገፉት። ጣራው አሁን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ስትወጣ ደግሞ የፊት መስታወቱን የያዘው ምሰሶ እግር ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየች።

አባቷን ስትጠራው የብየዳ ዘንግ የነበረበትን ባዶ ካርቶን ይዛ ነበር።

«አባዬ፣ ከነክዳኑ ጠምዝዘው።»

ጠመዘዘው፤ እምቢ አለው።

«አሁን ክዳኑን አውጣና ጠምዝዘው።»

ካርቶኑ እጁ ላይ እንደ ጨርቅ ተጣመመ።

«ሻንሲ የላትም» አለች ሚሊ። «ራሷ አካሏ ነው ሻንሲው። ሰው ሲገባባት ትጎብጣለች። ተራራው ላይ ዶክተሩ አንድ ነገር ቢሆኑና በሩ ባይከፈትስ?»

«መኪና ካርቶን ነው እንዴ?» ድምፁ ከፍ አለ። «ምን ላድርግ? ከሥር ብረት ልበይድ? ያነሳሁት ጣራ ሃያ ኪሎ አይሞላም፤ የምጨምርባት ብረት አርባ ይገባል። ቀለል ትበልልኝ ላለ ሰው አክብጄ ላስረክበው?»

ካርቶኑን ጥግ ወረወረው።

«አንድ ሚሊ ጨምረሽ ሞርጂ። ስንጥቁን በስቱኮ ድፈኚና ቀለም ንኪው። አበቃ።»

ሞረደች። ስንጥቁንም በስቱኮ ሞልታ፣ በአሸዋ ወረቀት አለስልሳ ቀባችው። አባቷን አፈረችው፣ አዘነችለትም። ደግሞ ማንም ያልጠየቃት የራሷ ነገር ነበረባት፤ መኪናዋ አንድ ቀን ቀጥ ካለች፣ ክፍተቱ ሰፍቶ ሰው የሚስቅበት የእሷ በር ነው።

ዶክተሩ ቀትር ሳይሞላ መጣ። ከኋላው ልጁ ብቅ ስትል ሚሊ ደነገጠች። ክፍል ውስጥ አጠገቧ የምትቀመጠው «ጥርሶ» ናት፤ የአባቷ ሥራና የራሷ ሳቅ ተባብረው ያወጡላት ስም ነው።

«አንቺ! ይህን አንቺ ነሽ የሠራሽው? ፏ ብላለች እኮ!»

ዶክተሩ የአሉሚኒየሙን ኮፈን በአንድ እጁ አንስቶ መለሰው። የቀኙን በር ከፍቶ ዘጋው፤ «ቀጭ» አለ።

«ጋሼ፣ ጥበበኛ ነዎት!»

«የልጄ እጅ ነው» አለ አባቷ መሬት መሬት እያየ።

ጥርሶ ገባች፤ በሩን ሳበችው። ዶክተሩ መሪው ጋ ተቀመጠና ሞተሩን አስነሳ። አሁን ሚሊ ዝም ብትል ማንም ምንም አይልም። አባቷም ማታ እራት ላይ እንደ ድሮው ይቀልዳል።

ሄዳ የቀኙ በር ላይ እጇን አሳረፈች።

«ጥርሶ፣ አንዴ ውረጂ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ በሩን ክፈቺው።»

ጥርሶ እጀታውን ሳበች። በትከሻዋ ገፋች። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «አባ፣ አልከፈት አለኝ።»

ዶክተሩ ሞተሩን አጠፋ። «ምንድን ነው ነገሩ፣ ጋሼ?»

አባቷ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

«በሩ ምንም አልሆነም» አለች ሚሊ። «መኪናዋ ናት የጎበጠችው። ጣራዋ ነበር ቀጥ አድርጎ የያዛት። እንዲዘጋ ብዬ በሩን የሞረድኩት እኔ ነኝ። እዚህ ጋ ስንጥቅ ነበር፤ እሱንም እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

ጥርሶ እግሯን በበሩ ላይ አሻግራ ወረደች፤ ጓደኛዋን ቀና ብላ አላየቻትም። ዶክተሩም ወርዶ በሩን መረመረ።

«ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አለ አባቷ በመጨረሻ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ከሥር ብረት ያስፈልጋታል፣ ዶክተር። ከድሮዋ ትከብዳለች። ቁልፉን ቢተዉልኝ...»

ዶክተሩ ቁልፉን ጨብጦ ቆሟል። አንዴ ልጁን፣ አንዴ ግድግዳ የተደገፈውን ጣራ ያያል።

ሚሊ መልሱን አልጠበቀችም። ሞረዱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና ክሪኩን ጎትታ መጣች። ከበሩ ሥር ከታ ቀስ እያለች አነሳችው። ክፍተቱ ሰፋ፤ ከላይ እስከ ታች ተወለጋግዶ ለሁሉም ታየ። ማስመሪያዋን ከኪሷ አውጥታ ለካችው።

«ሰባት ሚሊ» አለች። «ሦስቱ የኔ ናቸው።»