ትርፍ የተባለው ዲስክ

ልጅቷ የጓዳውን በር ከፍታ አንድ እግሯን ስታስገባ የቪዲዮ ማስቀመጫው ሳጥን ይጮሃል። ጩኸቱ ቀጭንና የማያቋርጥ ነው። የአክስቷን ፎቶ ቤት የጓዳ ቁልፍ የምትይዘው እሷ ስለሆነች ቤተሰቡ «ቁልፍ ያዧ» ይላታል፤ ይህን ድምፅ ግን ሰምታው አታውቅም።

ጎንበስ ብላ አየች። በሳጥኑ ፊት ከተደረደሩት ዲስኮች መካከል ሦስተኛው ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ሞቷል ማለት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልደነገጠች። አክስቷ ሳጥኑን የገዛች ሰሞን አስረድታታለች። የደንበኞቹ ቪዲዮ በአራት ዲስኮች ላይ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። የሚያከፋፍለው ሬይድ ኮንትሮለር የሚባለው ነው፤ አክስቷ «አለቃው» ትለዋለች። አንድ ዲስክ ቢሞት የቀሩት ሦስቱ ተጋግዘው የጎደለውን ይሞላሉ። ያኔ አለቃው አምስተኛውን ዲስክ ቀስቅሶ በሟቹ ቦታ ያሰማራል። ያ ሳይሆን ሁለተኛ ዲስክ ከሞተ ግን ሁሉም ነገር አለቀ።

አምስተኛው መሳቢያ ደግሞ ባዶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዲስኩን ያወጣችው እሷ ናት። መሳቢያው ላይ በአክስቷ እጅ ጽሑፍ «ትርፍ» የሚል ተለጥፏል። ትርፍ ከሆነ ማን ይፈልገዋል? የትምህርት ቤቱን ፊልም ለምትሠራው፣ ሁሉም «ዳይሬክተሯ» ለሚሏት ጓደኛዋ አዋሰች።

አሁን ደወለችላት።

«ዲስኩን አምጪው።»

«አንቺ ልጅ፣ ፊልሙ አርብ እኮ ነው የሚታየው። ያለው ደግሞ እሱ ላይ ብቻ ነው።»

«እዚህ አንዱ ሞቷል። ሌላ ከተደገመ የሰው ሁሉ ቪዲዮ ይጠፋል።»

«አታካብጂ ባክሽ። ሦስቱ ይሠራሉ አይደል? ጩኸቱ ማጥፊያ የለውም እንዴ?»

«አለው።»

«ታዲያ ዝም አሰኚዋ። አክስትሽ ከጠየቀችሽ አምስተኛው ተበላሽቶ ጣልኩት በያት። በቃ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቁልፍ ያዧ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች። አክስቷ ሠርግ ስትቀርጽ ውላ አሁን ትመጣለች። ሳጥኑ ዝም ካለ ምንም አታውቅም። እስከ አርብ ብቻ።

ከመንገዱ ማዶ የስፌት መኪና ይንጣጣል። ልብስ ሰፊው ቅዳሜ ይመጣል፤ የሟች ሚስቱ ድምፅ ያለበት ቪዲዮ እንዲገለበጥለት። እሱ ጋ የነበረው ሲዲ ተጭሮ አልሠራ ብሎታል። «እናንተ ጋ ካለ ምን ቸገረኝ» ብሎ እየሳቀ ነበር የሄደው።

ጣቷን አነሳች።

አክስቷ ካሜራዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ገባች። «ይሄን ማነው የሚያስለቅሰው?»

«እኔ ነኝ አክስቴ። ሦስተኛው ሞቷል። አምስተኛው ደግሞ የለም፤ ለጓደኛዬ አውሼዋለሁ።»

አክስቷ ካሜራዋን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ለምን?»

«ትርፍ ይላላ።»

«ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ተጫዋች ትርፍ ነህ ብሎ ወደ ቤቱ የሚሰድ አሠልጣኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ቀጥላ መለያውን አየችና ተነፈሰች። «የጻፍኩትስ እኔው አይደለሁ። ብቻ የጓዳውን ቁልፍ ወዲህ በይ።»

ሰጠቻት። ከዚያ ሳትለመን ወደ ዳይሬክተሯ ቤት ሄደች።

«አወቀች?» አለች ዳይሬክተሯ በሩን ከፍታ።

«ነግሬያት ነው።»

«ፋራ ነሽ በቃ።»

«ልሁን። ዲስኩ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ያለበት ሁሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ፊልምሽን የአክስቴ ኮምፒውተር ላይ እንገለብጠዋለን። ጫማሽን አድርጊና ነይ።»

ዳይሬክተሯ ጫማዋን ፈለገች።

ፊልሙ ከተገለበጠ በኋላ ቁልፍ ያዧ ዲስኩን አምስተኛው መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ገፋችው። አለቃው ቀሰቀሰው፤ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ጩኸቱ አልቆመም፤ ግን ረገብ አለ።

«እስኪሞላ ሰዓታት ይፈጅበታል» አለች አክስቷ። «አሁን ዝም ልታሰኚው ትችያለሽ።»

ቁልፍ ያዧ «ትርፍ» የሚለውን መለያ በጥፍሯ ላጠችው። በአዲስ ወረቀት ላይ «ተጠባባቂ» ብላ ጽፋ ለጠፈችበት።

«እስኪጨርስ ይጩህ» አለችና ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።