ፊቱን ለሰሌዳ የሰጠ መምህር

ኮሌጁ በኮምፒውተር ሳይንስ የፈለገው አንድ መምህር ብቻ ነበር። ለመጨረሻው ዙር የቀሩት ግን ሁለት ናቸው፤ ዶክትሬቷን ጨርሳ ከሌላ ከተማ የመጣችው እሷና እዚያው በረዳት መምህርነት የኖረው እሱ። ሁለቱም ተራ በተራ ኮሚቴ ፊት ማስተማር ነበረባቸው።

በዋዜማው የምታስተምርበትን ፕሮግራም የክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ስትጭን እሱ በር ላይ ቆሞ አያት። ይህ ማሽን ጠፍቶ ሲነሳ የተጫነበትን ሁሉ እንደሚያጠፋ፣ በፍላሽ ብትይዘው እንደሚሻላት ነገራት። ነግሯት ከጨረሰም በኋላ ዓይኑ ትንሽ ቆየባት። እሷ በሆዷ «ይሄ ደግሞ ሊያስደነግጠኝ ነው» አለች። ተፎካካሪ ሲመክር ማን ያምናል? አመሰገነችውና በአንድ ጆሮዋ የሰማችውን በሌላው አፈሰሰችው።

በማግስቱ ማሽኑ ሲከፈት ፕሮግራሟ የለም። ደሟ ፈላ። ኮሚቴው እየሰማ፣ ተራውን እየጠበቀ ጥግ በተቀመጠው ተፎካካሪዋ ላይ ጣቷን ቀስራ፣ ያጠፋብኝ እሱ ነው አለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ከክፍሉ ወጣ።

ምን ታድርግ እንግዲህ፣ ኮሚቴውን ከወንበሩ አስነስታ አሰለፈች። ኮምፒውተር ቁጥሮችን እንዴት በቅደም ተከተል እንደሚደረድር፣ ረጅሙን ዲን ከአጭሯ ጸሐፊ ጋር ቦታ እያቀያየረች አስረዳች። ዲኑ እየሳቁ ወደታዘዙበት ሄዱ።

ከእሷ ቀጥሎ እሱ ገብቶ አስተማረ፤ ሥራው ግን የእሷ ሆነ። እናቷ ፕሮፌሰርነት ገና ስንት ዓመት እንደሚቀረው ማን ይንገራቸው፤ ልጄ ፕሮፌሰር ሆነች ብለው ሰፈሩን አዳረሱት።

ሥራ እንደጀመረች ለተማሪዎቿ ያዘጋጀችውን መልመጃ እዚያው ማሽን ላይ ትታ፣ ማሽኑን ዘግታ ወጣች። ስትመለስ የለም። የክፍሉ ቁልፍ በእሷ እጅ ነው፤ ማንም አልገባም። ያኔ ነገሩ ገባት፤ ለፈተናውም ቀን ፕሮግራሟን ያጠፋው ማሽኑ ራሱ ነበር። ሥራውን የሰው ስም አጥፍታ የወሰደችው መሰላት።

እሱን ላብራቶሪ ውስጥ የኮምፒውተር ገመድ ሲጠቀልል አገኘችው።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። «አሁኑኑ ዲኑ ጋ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ሥራው ያንተ ነው።»

«ያውቃሉ» አላት። «የዚያኑ ቀን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። የማሽኑን ጠባይ እነሱም ያውቁታል። በልጠሽኝ ነው የወሰድሽው።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንዴ ነግሬሽ ነበር እኮ።»

ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ አብረው መብላት ያዙ። እያደር እሷ ወደደችው፤ እሱም ዓይኑን ከእሷ መደበቅ ተወ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ኮሌጅ ለመምህርነት ፈተና ጠራው፤ ከተማው በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እስቲ እዪኝ ብሎ ባዶ ክፍል ውስጥ አስተማረላት። እውቀቱ አይታማም፤ ችግሩ ፊቱን ለሰሌዳው ሰጥቶ ከሰሌዳው ጋር ማውራቱ ነው። ያኔም የተበለጠው በዚህ እንደሆነ ገባት። ዝም ካለችው ይወድቃል፤ ከወደቀ እዚሁ ይቀራል። ዝም ማለት አማራት።

«ዙር» አለችው በመጨረሻ። «እኔን እያየህ አስተምር።»

ዞረ። መጀመሪያ ተንተባተበ፤ ኋላ ድምፁ ሞላ፤ እጆቹም የሚያርፉበትን አገኙ። እሷ ከትምህርቱ አንዲት ቃል አልሰማችም። እንደሚያልፍ አውቃ እንባዋን ትታገል ነበር።

አለፈ። ሊነግራት ሲመጣ ደስ ያለው ሰው አይመስልም።

«አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም» አላት።

«እወድሃለሁ» አለችው። «አትሂድ ካልኩህ ግን መምህር መሆንህን የከለከልኩህ እኔ ነኝ። ሂድ። ቅዳሜ አውቶቡስ አለ፣ እመጣለሁ።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረሰች። ቲኬቷን ይዛ ልትሳፈር ስትል ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ አውቶቡስ ገባ። ከሚወርዱት መካከል፣ ጸጉሩ ተንጨባሮ፣ እሱ አለበት።

«የመምጣቱ ተራ የእኔ ነበር» አለችው።

«ቅዳሜ እስኪነጋ መጠበቅ አቃተኝ» አላት።

ቲኬቷን ኪሷ ከተተችና ሻንጣውን ተቀበለችው።