ብሌን ያልተሳለለት አምላክ

ሽማግሌው ሠዓሊ ባንሲዳር የሞቱት ተቀምጠው ነው። ጀርባቸው ግድግዳ ተደግፏል፤ ጭናቸው ላይ የጨርቅ ሥዕል ተዘርግቷል፤ ከጉልበታቸው ፊት ከሰሉ አመድ የሆነበት ምድጃ አለ። መስኮቱ ለዝናቡ ተብሎ፣ በሩ ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ጥርቅም ብለዋል። የመንደሩ ጋለሪ የኋላ ክፍል ከአንድ በሬ ጋጥ አይሰፋም። ያየ ሁሉ «ከሰል አፈናቸው» አለ፤ ማን ይፈረድበታል?

ከፑሪ ከተማ የተላከችው መርማሪ ሴባቲ ጄና ግን ሁሉም የተስማማበትን ነገር አታምንም። አለቃዋ በስልክ የሰጣት ትእዛዝ አጭር ነበር። «ምድጃውን ያቀጣጠለችው ምራታቸው ናት። ሬሳው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይቃጠላል፤ ከዚያ በፊት ይዘሻት ነይ።»

ገና ጠዋት ነው፤ ዝናቡ አባርቷል። ሴባቲ ተንበርክካ ሥዕሉን አየች። የአምላኩ የጃጋናት ጥቁር ፊት ነው፤ የዓይኖቹ ሁለት ትልልቅ ነጭ ክቦች ተቀብተዋል፤ መሐላቸው ላይ ግን ብሌን የለም። ላዩ ቫርኒሽ ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

«ናቶ፣ ይሄን ብሩሽ እየው» አለች። ናቶ ጡረታው አንድ ዓመት የቀረው ረዳቷ ነው።

«ጥቁር ቀለም እንደ ጠጣ ደርቋል፣ እትዬ።»

«ቀለሙ የኮኮናት ቅርፊቱ ውስጥ ተበጥብጧል፤ ብሩሹም ተነክሯል። ክቡ ላይ ግን አንዲት ነጥብ አላረፈችም።»

«ሞት ቀደማቸዋ!»

«ሞት ቫርኒሽ አይቀባም፣ ናቶ።»

የጋለሪው ሥራ አስኪያጅ ፕራቲክ የከተማ ልጅ ነው፤ ሬሳ ባለበት ቤት እንኳ ሸሚዙ ታጥቦ ተተኩሷል። ሳይጠየቅ ጀመረ። «ይህ ቤት የአገሬው ሠዓሊዎች ቤት ነው! ሀብታም ሳሎን የሚሰቀል ሳይሆን ድሃ ጎጆ የሚገባ ሥዕል! አርባ ሩፒ፣ አንድ ኪሎ ዓሣ በማይገዛ ዋጋ! እኔ ለዚህ ዓላማ ሕይወቴን…»

«ስለ እርስዎ ሕይወት አልመጣሁም፤ ስለ እሳቸው ሞት ነው። ይሄ ሥዕል ምኑ ነው የጎደለው?»

ፕራቲክ ጎንበስ ብሎ አየና ደነገጠ። «ብሌኑ! ብሌን እኮ መጨረሻ ነው የሚሳለው፤ ዓይን መክፈት እንለዋለን። ቫርኒሹ ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን ለጎብኚ በቀን ሰባት ጊዜ ነው የማወራው።»

«ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ቀለም ይይዛል?»

«ቅባት የነካው ሰሐን ላይ ውሃ እንደ ማፍሰስ ነው።»

«ለመሆኑ እርስዎ ቫርኒሽ ቀብተው ያውቃሉ?»

«አንዴ ሞክሬ ነበር» አለ እየተሽኮረመመ። «የሙጫውን ዱቄት በፍም ሙቀት ነው የሚያቀልጡት። ጨርቁን አቃጥዬው መንደሩ ሁሉ ሳቀብኝ፤ እስከዛሬም ይስቁብኛል።»

ሴባቲ በጣቷ ሥዕሉን ዳበሰችው። ቫርኒሹ እንደ እንቁላል ቅርፊት እኩል ነው፤ አንድ ቦታ እንኳ አላረረም።

«ሌላ የሚነግሩኝ አለ?»

«ትናንት ጠዋት ጠሩኝና ‹ነገ በመንደሩ ጉባኤ ፊት ስም እነግርሃለሁ፤ ከሥዕሎቹ ሥር ያለውን የስም ካርድ ሁሉ ትቀይራለህ› አሉኝ። የማን ስም እንደሆነ አልነገሩኝም።»

እነዚያ ቀናት የአምላክ ሕመም ቀናት ነበሩ። በቤተ መቅደሱ ያሉት የእንጨት አማልክት ከታላቁ መታጠብ በኋላ ትኩሳት ይይዛቸውና ለአሥራ አምስት ቀን በር ይዘጋባቸዋል፤ ሕዝቡም በሥዕል ፊት ይጸልያል። ጀልባ ቀዛፊውም፣ ዓሣ ሻጯም፣ የሩዝ ቀን ሠራተኛውም አርባ ሩፒውን ይዞ ወደዚህ ጋለሪ ይመጣል። በየጎጆው የተሰቀለው ሥዕል ሥር የተጻፈው ስም የባንሲዳር ነው።

ምራታቸው ኩንታላ ጣሪያው ሥር ጭቃ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ነጭ ሳሪዋ ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል። ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም። መንደሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«ምድጃውን አንቺ ነሽ ያቀጣጠልሽው?»

«እኔ ነኝ፤ ሙጫ ላፈላበት፣ እዚሁ ደጅ። ከዚያ ጨርቅ ላጥብ ወንዝ ወረድኩ። ስመለስ ምድጃው የለም። አባባ ወስደውት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ተኝተው ከሆነ ላለመቀስቀስ በሩን አልከፈትኩም። ወይኔ፣ ምነው በከፈትኩት!»

ሴባቲ ፊቷን ትኩር ብላ አየች። «ከንፈርሽን ምን ነካው?»

ኩንታላ በሳሪዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

«ሙጫ የምታፈላ ሴት ከንፈሯ አይጠቁርም። አባቴ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር፤ ብሩሹን በከንፈሩ እያሾለ ዕድሜ ልኩን አፉ ጥቁር ሆኖ ሞተ። አንቺ ምን ትስያለሽ?»

ሴባቲ ራሷም ጭቃው ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች። ኩንታላ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው።

«አባባ ሌላውን ሁሉ ይሥሩ እንጂ ብሌን ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አራት ዓመት ሆነው። አንድ ቀን በር ዘግተው ብሩሹን ሰጡኝና ‹ክፈቺ› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉንም። አንድም ሰው አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ነውር አለው?»

«እትዬ፣ ከከተማ ስለመጣሽ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት የአምላክ ዓይን አትከፍትም። የሰርግ ቤት ደጃፍ እንኳ አታልፍም! ይሄ ከታወቀ በየጎጆው ያለው ሥዕል ሁሉ የረከሰ ይሆናል።» ሁለት እጇን አጋጥማ ግንባሯን የሴባቲ ጫማ ላይ አስነካች። «እሰሪኝ። ገደለች በይ። ይሄን ብቻ አትናገሪ።»

«ዕድሜሽን በሙሉ እስር ቤት ትገቢያለሽ እኮ!»

«ከእስር ቤት ሰው ይወጣል። ከዚህኛው አይወጣም።»

ሴባቲ ብድግ ብላ ቀሚሷን አራገፈች። ቃል አልሰጠቻትም።

አዛውንቱ ኡደያናት ግቢው ውስጥ ቃሬዛው ጎን ተቀምጠው የአበባ ጉንጉን ይሠራሉ። የሟቹ የአርባ ዓመት ወዳጅና እሳቸውም ሠዓሊ ናቸው። የባንሲዳር ልጅ ከአባቱ ቀድሞ ስለሞተ፣ የሬሳውን እሳት የሚለኩሱት ኡደያናት እንዲሆኑ ሽማግሌዎች ወስነዋል።

«ጋሼ ኡደያናት፣ ትናንት ከሰዓት እዚህ ነበሩ?»

«ዝናብ ነበር ልጄ። ከቤት አልወጣሁም።»

«ከሰዓት ከሰዓት አብራችሁ ያን አደንዛዥ መጠጥ፣ ባንግ፣ ትጠጣላችሁ፤ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም ይላሉ።»

«ትናንት ቀረ። ብመጣ ኖሮ አይሞትም ነበር፤ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።»

«አውራ ጣትዎን ምን አቃጠለው?»

«ሻይ።»

«ሻይ በአውራ ጣት ነው እንዴ የሚጠጣው?»

«አንቺም አርጅተሽ ታይዋለሽ» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው የደግ ሰው ነበር፤ ሴባቲም ይህን ልብ አለች።

«ቤትዎ የሚጸልዩበት ሥዕል የማን ሥራ ነው?»

«የእሱ ነዋ። በየዓመቱ እንለዋወጣለን፤ የእኔ እሱ ቤት፣ የእሱ እኔ ቤት። ዛሬ ጠዋትም ፊቱ ተደፍቼ አልቅሻለሁ።»

ፀሐይዋ ወደ ኮኮናቱ ዛፎች ስታዘነብል ሴባቲ ሰዎቹን ሁሉ ጋለሪው አዳራሽ ሰበሰበች። መንደርተኛው በርና መስኮቱን ሞላው። ከአራቱም ግድግዳ ትንንሽ አማልክት አፍጥጠው ያያሉ።

«ቶሎ በይ፤ እሳቱ ይጠብቃል» አለ አንድ ሽማግሌ።

«እሳት ታግሶ ነው የሚበላው። ስሙኝ። ባንሲዳር ቫርኒሽ ሲቀቡ ከሰል አፈናቸው ተባለ። ሥዕሉ ግን ብሌን የለውም። አምሳ ዓመት የሠራ ሠዓሊ ዓይን ሳይከፍት ቫርኒሽ ይቀባል?»

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ ሠዓሊዎቹ ባንድ ድምፅ።

«ስለዚህ የቀባው ሌላ ሰው ነው። ሽማግሌው ተኝተው ሳለ ምድጃውን ከደጅ አስገባ፤ ከሰሉ ለሥራ የገባ እንዲመስል ቫርኒሹን ቀባ፤ ሥዕሉን ጭናቸው ላይ አደረገ፤ በሩን ዘግቶ ሄደ። ባንግ የጠጣ ሰው እንኳን በጭስ በመድፍም አይነቃ።»

የሁሉም ዓይን ፕራቲክ ላይ አረፈ። ከመካከላቸው ሥዕል የማያውቅ እሱ ብቻ ነውና ፊታቸው ላይ ደስታ ቢጤ ታየ።

«አትቸኩሉ። እሱ ቢቀባው ኖሮ ሥዕሉ ዛሬ አመድ ነበር፤ እናንተው ስቃችሁበታል። ይሄ የተካነ እጅ ሥራ ነው። ጥቁሩ ቀለም ተበጥብጧል፣ ብሩሹ ተነክሯል፤ ግን ምንም ሳይቀባበት፣ ሳይታጠብም ተጥሏል። ገዳዩ ብሌኑ መቅደም እንዳለበት ያውቃል። እጁን አነሳ፤ እጁ ግን እምቢ አለው። ለምን?»

ሴባቲ ብሌኑ ያልተሳለ አዲስ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ብሩሽ ነክራ ለኡደያናት ዘረጋችላቸው።

«ስለ ወዳጅዎ ነፍስ፣ ይክፈቱለት።»

«በሬሳ ፊት ዓይን አይከፈትም!» አሉ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ።

«ለምን አይከፈትም?»

«ያያላ!» ቃሉ ካፋቸው ካመለጠ በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አዎ፣ ያያል» አለች ሴባቲ። «ትናንትም ያይ ነበር። ገዳዩ ሰው ለመግደል አልፈራም፤ አምላኩ እንዲያየው ግን ፈራ። ስለዚህ አምላኩን እንደ ዕውር ትቶት ሄደ።»

«ምራቲቱም እኮ ሙጫና ቫርኒሽ ታውቃለች!» ሲል ሽማግሌው ጮኸ። «መበለት ስለሆነች ዓይን መክፈት አትችልም። እሷ ናት!»

ጉርምርምታው ከፍ አለ። ኩንታላ ከግድግዳው ሥር ሆና ሴባቲን አየቻት፤ ራሷን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «አታድርጊው» ማለቷ ነበር። ሴባቲ አየቻት፣ ገባት፣ ሆኖም ተናገረች።

«ኩንታላ ብትሆን ብሌኑን ዓይኗን ሳታሽ ትስለው ነበር። እዚህ ግድግዳ ላይ ያለውን፣ በየቤታችሁ ያለውን፣ የአራት ዓመቱን ዓይን ሁሉ የከፈተችው እሷ ናት። የእሷ እጅ አይመለስም። የተመለሰው ቫርኒሽ የሚችል፣ ትናንት ፍም አውራ ጣቱን የለበለበው የሌላ ሰው እጅ ነው።»

ሰዉ ከኩንታላ አጠገብ እንደ ውሃ ሸሸ። ኡደያናት ግን አልሸሹም፤ ባሉበት ቁጢጥ አሉ።

«እየሳቀ ነው የነገረኝ» አሉ። «ባንጉን እየጠጣን። ‹ከነገ ጀምሮ ዓይን የምትከፍተው ኩንታላ ናት፤ ስሟን ግድግዳው ላይ እሰቅላለሁ› አለኝ። ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ‹አንተ ሽማግሌ› ብሎ ሳቀብኝና ተኛ። እኔ ክፉ አይደለሁም፣ ልጄ። አምላኬን ከውርደት ላድነው ብዬ ነው።»

«ከነገ ጀምሮ ነው ያሉዎት? ያለፈውን አልነገሩዎትም?»

«የቱን ያለፈውን?»

ሴባቲ ጎንበስ አለች። ልትተወው ትችል ነበር፤ ጥፋቱ ተረጋግጧል፣ ናቶም ካቴናውን አውጥቷል። አልተወችውም።

«አራት ዓመት አልኩ እኮ፣ ጋሼ። ዛሬ ጠዋት ፊቱ የተደፉበት ሥዕል ዓይኑን ማን የከፈተው ይመስልዎታል?»

ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ናቶ ብብታቸውን ይዞ አነሳቸው።

የባንሲዳርን እሳት የለኮሰችው ኩንታላ ናት። ሴት እሳት አትለኩስም የሚል ሕግ አለ፤ የከለከላት ግን አልነበረም፤ መንደሩ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ገብቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሴባቲ ምድጃውን ለማስረጃ ልትወስድ ተመለሰች። የጋለሪው ደጃፍ በሥዕል ተሞልቷል። ጀልባ ቀዛፊው፣ ዓሣ ሻጯ፣ የቀን ሠራተኛው አምላካቸውን እያመጡ ጭቃው ላይ በፊቱ ደፍተው ሄደዋል። ከሁሉ ላይ ያለው ጥግ ጥጉ በዘይት መብራት ጭስ ጠቁሯል። የኡደያናት ሚስት ናቸው ያመጡት።

ፕራቲክ ወዲያ ወዲህ ይላል። «ይሄ እኮ ዕድል ነው፣ ኢንስፔክተር! ‹የመበለቷ እጅ› ብዬ ከተማ ብወስደው በአሥር እጥፍ ዋጋ…»

«የድሃ ጎጆውስ?»

ፕራቲክ ሸሚዙን አስተካከለ።

ኩንታላ ደፉ ላይ ተቀምጣለች። ሴባቲን ስታይ አልተነሳችላትም።

«ነጻ አወጣሽኝ አይደል?»

«አዎ፣ ኩንታላ።»

«ከምን?»

ሴባቲ ከኋላው ክፍል ያወጣችውን ምድጃ ታቅፋ ቆመች።

ኩንታላ ተነሳች። የመጀመሪያውን ሥዕል ከጭቃው አነሳች፤ ፊቱን በሳሪዋ ጠረገችና ወደ መንገዱ አዙራ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ሁለተኛውን አነሳች፤ ሦስተኛውንም። መንገዱ ላይ ዘንቢል ተሸክመው የሚያልፉት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ፕራቲክ።

«ዓይን የከፈትኩላቸው እንዲያዩ ነው» አለች። «ይዩዋ! ማን እንደ መለሳቸው ይዩ።»